የመንግሥት ፓርክ ወይስ የግል ጥብቅ ስፍራ? ከጎጃም ተነስተው ሳፋሪ ለሚያስቡ

ባሕር ዳር ላይ ጉዞ ማሰናዳት ሥራዬ ነው። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። አዲስ ተጋቢዎች ይጠይቁታል። ልጆቹን ይዞ ከአሜሪካ የመጣ ወንድም ይጠይቀዋል። ንግዱ የተሳካለት የደብረ ማርቆስ ሰው "እስቲ አንበሳን በሜዳው እንየው" ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው አንድ ነው፦ የመንግሥት ፓርክ ይሻለናል ወይስ የግሉ?

አብዛኛው ሰው የግሉ ውድ የሆነው እንስሳ ስለሚበዛበት ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በክሩገር ብሔራዊ ፓርክና በሳቢ ሳንድ የግል ጥብቅ ስፍራ መካከል የነበረው አጥር እ.ኤ.አ. በ1993 ፈርሷል። ጠዋት በመንግሥቱ ፓርክ የነበረ ዝሆን ከሰዓት በግሉ ውስጥ ውኃ ይጠጣል። ኬንያ ያለው ማሳይ ማራም አጥር የለውም። አንበሳው አንድ ነው።

የምትከፍሉት ለሌላ ነገር ነው። አጠገባችሁ ስንት መኪና እንደሚቆም፣ መኪናችሁ ከመንገድ መውጣት ይችል እንደሆነ፣ ከመሸ በኋላ መውጣት ይፈቀድላችሁ እንደሆነ፣ በእግር መሄድ ትችሉ እንደሆነ፤ ዋጋውን የሚያመጡት እነዚህ ናቸው። ይህ ከገባችሁ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የመንግሥት፣ የግል፣ እና መሃል ላይ ያለው

የመንግሥት ፓርክ የሚባለው ለሁሉም ክፍት የሆነው ነው። በር ላይ ከፍላችሁ ትገባላችሁ። የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ እንዲህ ነው፤ ስፋቱ ወደ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ክሩገርም እንዲሁ፤ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ማሳይ ማራ ደግሞ የሚተዳደረው በናሮክ አውራጃ መንግሥት ነው፤ 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደንቡ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፦ ከመንገድ አትውጡ፣ ሲመሽ በሩ ይዘጋል፣ ከመኪና አትውረዱ።

የግል ጥብቅ ስፍራ ባለቤት አለው። አዳራችሁን እዚያው ካላደረጋችሁ ብዙ ጊዜ አያስገቧችሁም። የመኪናውን ቁጥር የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ኬንያ ውስጥ "ኮንሰርቫንሲ" የሚሉት ነው። ለእኛ ለጎጃም ሰዎች ለመረዳት ቀላል ነው፤ ገበሬ መሬቱን በኮንትራት እንደሚሰጠው ያለ ነገር ነው። ከማሳይ ማራ ጎን ያለው መሬት ለማሳይ ቤተሰቦች ተከፋፍሎ በስማቸው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰው ቁራሹን ማጠር ወይም ስንዴ መዝራት ይችል ነበር። የናሮክ አካባቢ ስንዴ የሚበቅልበት አገር ነው። አጥር ሲበዛ እንስሳው መንገድ ያጣል። ስለዚህ ባለመሬቶቹ ተሰባስበው ቦታውን ለካምፕ ባለቤቶች ማከራየት ጀመሩ። ኦል ኪንዬ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ማራ ናቦይሾ በ2010 ተመሠረቱ። ባለመሬቱ ኪራዩን ይቀበላል፣ ከብቱን በተራ ያሰማራል፣ አጥር አያጥርም። እኔ በበኩሌ ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ገንዘቡ ከአንበሳው ጋር ለሚኖረው ሰው ይደርሳል። ከብቱ በአንበሳ የተበላበት ሰው አንበሳውን የሚታገስበት ምክንያት ያገኛል።

ቀኑ እንዴት ይውላል?

አንዲት አቦሸማኔ ማራ ውስጥ ጉብታ ላይ ተቀምጣለች እንበል። ዓይኗ ሩቅ ያለ ሚዳቋ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ላንድክሩዘር ይቆማል። ሹፌሩ በሬዲዮ ለጓደኛው ይነግረዋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣሪያቸው የተከፈተ ሚኒባሶች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ሞተር ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል። ሰው ቆሞ ስልኩን ያወጣል። አንዱ መኪና የተሻለ ቦታ ለማግኘት ከፊቷ ይዞራል። እሷም ትነሳለች፣ ታዛጋለች፣ ሚዳቋውን ትታ ሣሩ ውስጥ ትገባለች። አደኑ ቀረ።

ይህ ለፎቶ ብቻ የሚቆጭ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በማራ የተሠራ ጥናት ነበር። ቱሪስት በሚበዛበት አካባቢ የሚኖሩ እናት አቦሸማኔዎች በአማካይ አንድ ግልገል እንኳ ራሱን እስኪችል አያደርሱም። ቱሪስት በሚያንስበት ግን ከሁለት በላይ ያሳድጋሉ። እኛ ለማየት ስንሻማ የምናየውን እያሳነስን ነው ማለት ነው። ስለዚህ የመኪና ብዛት ጉዳይ የቅንጦት ጉዳይ ተደርጎ ሲወራ ይከፋኛል።

ኮንሰርቫንሲዎቹ ውስጥ አንድ እንስሳ ጋ በአብዛኛው ከአምስት መኪና በላይ አይፈቀድም። ሳቢ ሳንድ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ ሌላው ተራውን ርቆ ይጠብቃል። ነብር ቁጥቋጦ ውስጥ ብትገባ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይከተላታል። ሳቢ ሳንድ በነብር ስሙ የወጣው ለዚህ ጭምር ነው። ነብሮቹ መኪና ለምደዋል፣ አስጎብኚዎቹም እያንዳንዷን በመልኳ ያውቋታል።

ማታው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አዋልድጌሳ፣ ጥርኝ፣ ጃርት፣ ለአደን የተነሳ አንበሳ፤ እነዚህን ቀን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ማሳይ ማራ ውስጥ በማታ መንዳት ክልክል ነው። ጎን ያለው ኮንሰርቫንሲ ውስጥ ግን ከእራት በፊት መብራት ይዘው ያወጧችኋል። እዚህ ላይ ለክሩገር ፍትሕ ላድርግለት፦ የራሳችሁን መኪና ማታ መንዳት ባትችሉም፣ ከፓርኩ ማረፊያዎች በፓርኩ መኪናና አስጎብኚ የማታም የእግርም ጉዞ መግዛት ትችላላችሁ።

የመንግሥት ፓርክ የሚበልጥበት ነገርም አለ፣ ትንሽ አይደለም። ስፋቱና ነፃነቱ። ክሩገር ውስጥ መኪና ተከራይታችሁ፣ ልጆቹን ከኋላ ጭናችሁ፣ በአስፋልቱ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ። ልጅ "አባዬ፣ ዝሆን!" ሲል መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። ይህን ደስታ የትኛውም ውድ ሎጅ አይሰጥም። መሪው በስተቀኝ መሆኑንና በግራ እንደሚነዳ ብቻ አትርሱ።

ሌላው የወንዝ ማቋረጡ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት፣ በመንጋ የሚጓዝ ቀንዳም ሣር በል አውሬ፣ ከሴሬንጌቲ ወደ ማራ ይመጣል። የማራን ወንዝ ሲያቋርጥ በቴሌቪዥን ያያችሁት ትርዒት በአብዛኛው የሚካሄደው በመንግሥቱ ክልል ነው። ልባችሁ እሱ ላይ ከሆነ ኮንሰርቫንሲ ብቻውን መልስ አይሆንም። መኪና ይበዛል፣ ታገሱት። ከወንዙ ምዕራብ ያለው ማራ ትሪያንግል የሚባለው ክፍል ግን የመንግሥት ሆኖ የተለየ አስተዳደር አለው፣ ሥርዓቱም ጠበቅ ይላል። በመንግሥት ዋጋ ጥቂት ፋታ ከፈለጋችሁ እሱን ጠይቁ።

አንድ የማይታወቅ ነገር፦ ኮንሰርቫንሲ ያደረ ሰው ተጨማሪ ከፍሎ ወደ መንግሥቱ ክልል መግባት ይችላል። በመንግሥቱ ክልል ያደረ ግን ወደ ኮንሰርቫንሲው አይገባም። በሩ የሚከፈተው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ብሩ

"የመንግሥቱ ርካሽ ነው" የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም።

ማሳይ ማራ ለውጭ አገር ጎልማሳ በቀን ከጥር እስከ ሰኔ 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ዶላር ያስከፍላል፤ ወሮቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ትኬቱ ለ12 ሰዓት ብቻ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12። እንግዲህ አስሉት። ባልና ሚስት በነሐሴ ሦስት ቀን ቢገቡ ለበሩ ብቻ 1,200 ዶላር ነው። መኪናው፣ ነዳጁ፣ ሹፌሩ፣ አልጋው፣ ምግቡ ገና አልተቆጠረም። ዋጋ ይለወጣል፣ ከመክፈላችሁ በፊት የዓመቱን ጠይቁ።

ኮንሰርቫንሲ ውስጥ ያለ ካምፕ ለአንድ ሰው በአዳር ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቃል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ውስጥ ሦስቱም ምግብ፣ ጠዋትና ከሰዓት ከአስጎብኚ ጋር መውጣት፣ የኮንሰርቫንሲው ክፍያ፣ ከትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ መቀበልና መሸኘት አለበት። መኪና አትከራዩም። ሁለቱን ሙሉ ሂሳብ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ልዩነቱ ይጠባል፣ በተለይ በክረምት። ሳቢ ሳንድ ግን ሌላ ነው። እዚያ ያሉት ስመ ጥር ሎጆች ለአንድ ሰው በአዳር ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ፣ ልዩነቱም አይጠብም።

ለኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለ። ኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም። ደቡብ አፍሪካ ያስፈልገናል፣ ጊዜም ይወስዳል። የክሩገር የቅናሽ ዋጋ ለደቡባዊ አፍሪካ ማኅበር አገሮች ነው፤ እኛ አባል ስላልሆንን እንደ ፈረንጅ እንከፍላለን። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ያዙ። ባንክ ለመንገደኛ የሚሰጠው ዶላር ገደብ አለው፤ ሎጁ አስቀድሞ ሙሉ ክፍያ ከጠየቀ ከየት እንደምትከፍሉ ከመጀመሪያው አስቡበት።

ስለዚህ ከጎጃም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ምክሬ ኬንያ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ። ከናይሮቢ ማራ በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት፣ ወይም ከዊልሰን ማረፊያ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። በትንሿ አውሮፕላን ከሄዳችሁ ሻንጣው ለስላሳ ይሁን፤ ከ15 ኪሎ በላይ አይቀበሉም።

ወቅቱና ጾሙ

የእኛ ክረምት የማራ ምርጥ ወቅት ነው። ጎጃም በዝናብ ስትርስ፣ ልጆች ትምህርት ሲዘጋላቸው፣ እዚያ ደረቅ ነው፣ ዊልደቢስቱም ደርሷል። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ይቆያል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት እዚያ ይዘንባል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ጥርና የካቲት ግን ጥሩ ናቸው፤ በሩ በግማሽ ዋጋ ነው፣ እንስሳም አይጠፋም፣ ሰውም ያንሳል። ዊልደቢስት ግድ ካልሆነባችሁ እኔ ጥርን እመርጣለሁ።

ነሐሴ ከሄዳችሁ ፍልሰታ መሆኑን አትርሱ። የመንግሥት ፓርክ ትልልቅ ሎጆች ምግብ ደርድረው ነው የሚጠብቁት፣ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። አትክልት፣ ባቄላ፣ ሩዝ አይጠፋም፣ ግን ቅቤ ይኑርበት አይኑርበት መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው። የግል ካምፕ ትንሽ ስለሆነ ወጥ ቤቱ ለእያንዳንዱ እንግዳ ያዘጋጃል። ሲመዘግቡአችሁ "ቪጋን" በሏቸው፣ ይገባቸዋል። እናቶቻችንን ይዘን ስንሄድ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጠዋቱም ይበርዳል። ማራ ከፍታ ላይ ነው፣ የካምፖቹ መኪና ደግሞ ክፍት ነው። ጋቢ ያዙ።

ከ"ግል" ሁሉ ተጠንቀቁ

"የግል" የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአጥር የታጠሩ፣ አንበሳ እንደ ከብት የሚረባባቸው ቦታዎች አሉ። ግልገል አቅፋችሁ ፎቶ እንድትነሱ፣ ከአንበሳ ጋር በእግር እንድትሄዱ ያስከፍላሉ። ግልገሉ ከእናቱ ተነጥቆ ነው እጃችሁ ላይ የሚቀመጠው። ሲያድግ ወደ ዱር አይመለስም፤ ብዙዎቹ በአጥር ውስጥ ለሚተኩስ አዳኝ ይሸጣሉ። ልጆቻችሁ ቢለምኗችሁ እንኳ አትሂዱ። አውሬ እንድትነኩ የሚፈቅድ ቦታ ጥብቅ ስፍራ አይደለም።

በሌላ በኩል ኬንያ ውስጥ ያለው ኦል ፔጄታ በግል የሚተዳደር ሆኖ ለቀን ጎብኚም በሩ ክፍት ነው። ማደር አይጠበቅባችሁም። በዓለም ላይ የቀሩት ሁለቱ የሰሜን ነጭ አውራሪሶች፣ ናጂንና ፋቱ፣ እዚያ ናቸው፤ ሁለቱም ሴት ናቸው። የመጨረሻው ወንድ ሱዳን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ሞተ። ሳር ሲግጡ አጠገባቸው የታጠቀ ጠባቂ ቆሞ ታያላችሁ። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አሳዩት።

አገር ቤትስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ምርጫ የለም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ሳቢ ሳንድን የመሰለ የግል ጥብቅ ስፍራ የለንም። ፓርኮቻችን የመንግሥት ናቸው፣ ዳር ላይ የግል ሎጅ ሊኖር ይችላል። አንድ ጊዜ ነጭ ሳርና ኦሞ "አፍሪካን ፓርክስ" ለሚባል ድርጅት በውል ተሰጥተው ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቆ ወጣ። ያው ድርጅት ሩዋንዳ ውስጥ አካጌራን ከ2010 ጀምሮ ከመንግሥት ጋር ያስተዳድራል፤ ጠፍቶ የነበረው አንበሳ በ2015፣ አውራሪሱ በ2017 ተመልሷል።

የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ግን አለን፤ ጓሳ። መንዝ ላይ ሕዝቡ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ራሱ እየወሰነ ከ400 ዓመት በላይ ጠብቆታል። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለበት። በማራ ኮንሰርቫንሲ የወደድኩትን ነገር አባቶቻችን ቀድመው ሠርተውታል። ጮቄ ላይ እንዲህ ያለ ጥበቃ ስላልነበረ ማሳው ወደ ላይ ወጣ፣ ቀይ ቀበሮውም ከጎጃም ጠፋ። ይህ ያንገበግበኛል።

ዶላሩ ካልበቃችሁ ስሜን ተራሮች ሂዱ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ደባርቅ 100 ያህል ነው። የመንገዱን ሁኔታ በሳምንቱ ጠይቃችሁ ተነሱ። የታጠቀ ስካውት ይሰጧችኋል፣ በእግር ትሄዳላችሁ፣ በብር ትከፍላላችሁ። ጭላዳ በመቶ እየሆነ ተቀምጦ ሣሩን በጣቱ ይነቅላል፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ጥቂት እርምጃ ርቃችሁ ቁጭ ብትሉ ዘወር ብሎም አያያችሁ። አንበሳ የለም። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኘው ዋልያ ግን አለ። ጉማሬ ደግሞ ጣና ላይ አባይ ከሚወጣበት ዘንድ በጀልባ ታዩታላችሁ፣ ለሱ ብላችሁ ማራ አትሂዱ።

እንግዲህ የቱን?

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ የመንግሥቱን ምረጡ። ብዙ የግል ካምፖች የዕድሜ ገደብ አላቸው፣ ክፍት መኪና ላይ ትንሽ ልጅ አይቀበሉም። በራሳችሁ መኪና ሽንት የመጣበት ልጅ ማረፊያው ድረስ ይወሰዳል፣ የደከመው ይተኛል።

ወላጆቻችሁን የምትወስዱ ከሆነ ግሉን። ከአልጋ እስከ መኪና ሰው ይደግፋቸዋል፣ ረጅም መንገድ የለም፣ አስጎብኚው በነሱ ፍጥነት ይሄዳል።

ተጋቢዎች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ ወይም በዕድሜያችሁ አንድ ጊዜ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ሁለቱን ቀላቅሉ። ሁለት ሌሊት በመንግሥቱ፣ ሁለት ሌሊት በኮንሰርቫንሲ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ የመንግሥቱን ጨርሱ፤ ስፋቱን፣ ወንዙን፣ መንጋውን እዩ። ከዚያ ወደ ጸጥታው ግቡ። ከጸጥታው ከጀመራችሁ በኋላ የመኪናው ግርግር ያናድዳችኋል፣ የመንግሥቱንም ውበት አታዩትም። ብሩ ለዚህ ቅልቅል ካልበቃ በግሉ ሁለት ሌሊት ብቻ ከማደር በመንግሥቱ አራት ማደር ይሻላል። እንስሳ በቀጠሮ አይመጣም፤ ተጨማሪ ጠዋት የተሻለ አልጋን ያስከነዳል።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። ካምፑ በመንግሥቱ ክልል ውስጥ ነው፣ በኮንሰርቫንሲ ውስጥ ነው፣ ወይስ ከሁለቱም ውጭ በር አጠገብ? "ማራ" የሚል ስም ይዘው ከበሩ ውጭ ያሉ ብዙ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተሰልፋችሁ ትገባላችሁ። የመግቢያው ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? መኪናው ለእኛ ብቻ ነው ወይስ ከሌሎች ጋር? እያንዳንዱ ሰው መስኮት ያገኛል? ማታና በእግር መውጣት ተካቷል? ጉዞው ቢሰረዝ፣ በረራ ከባሕር ዳር ቢቀር፣ ቀኑን ያዛውሩልናል ወይስ ገንዘቡ ይቀራል? የመጨረሻውን በተለይ በደንብ አስጽፉት፤ ከእኛ አካባቢ ለሚነሳ ሰው ቀን የማዛወር መብት ከአልጋው ምቾት በላይ ያስፈልጋል።